ባቡሩ ትቶት የሄደ ሐውልት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ወደ ሶልት ሌክ ጭነት ስይዝ በወር ሦስት አራት ጊዜ በ80 ቁጥር አውራ ጎዳና አልፋለሁ። ዋዮሚንግ ውስጥ ከሻየን ወጥቶ ወደ ላራሚ ሲኬድ ዳገቱ አናት ላይ ትልቅ የአብርሃም ሊንከን ራስ አለ። እሱን አውቀዋለሁ፤ አንዳንዴም እዚያ አርፋለሁ። ከሱ ቀደም ብሎ ግን በግራ በኩል፣ ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመ ፒራሚድ የሚመስል የድንጋይ ክምር ከሩቅ አያለሁ። ከተማ የለ፣ ቤት የለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የሌባ ፖለቲከኛ ሐውልት ነው» አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ለሌባ ሐውልት ማን ያቆምለታል? ደግሞስ ሰው በሌለበት ሜዳ? የ11 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ላሳያት አስቤአለሁ። ምን ብዬ እንደምነግራት ግን አላወቅሁም።
ሾፌሩ ነኝ፣ ከኦሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ ነፋስ መሪ ይዘህ ያንን ድንጋይ ልብ ማለትህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። እኔም በዚያ ዳገት 14 ዓመት ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት እንዳንተው ከሩቅ እያየሁት ነው ያለፍኩት። አንድ እሑድ ግን ተሳቢውን ቤት ትቼ በትንሿ መኪና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ፤ ልጅህ በትምህርት ቤቷ የምታገኛቸው እንደዚያ ነውና።)

ሐውልቱ የኤምስ ሐውልት ይባላል። የቆመውም ለሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ለኦክስ ኤምስና ለኦሊቨር ኤምስ። ፖለቲከኛው ኦክስ ነው። በ1804 በማሳቹሴትስ፣ ኢስተን ተወለደ። የቤተሰቡ ሥራ አካፋ ነበር። አዎ፣ አካፋ! የኤምስ ፋብሪካ አካፋ በካሊፎርኒያ የወርቅ ቁፋሮም ሆነ በባቡር ሥራው ያልገባበት ቦታ አልነበረም። ኦክስ ከ1863 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ ተቀመጠ። ወንድሙ ኦሊቨር ደግሞ ከ1866 እስከ 1871 የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ፕሬዚዳንት ነበር። ያ ባቡር ከነብራስካ ተነስቶ፣ አሁን አንተ የምትነዳበትን አገር አቋርጦ፣ ከካሊፎርኒያ ከመጣው ሀዲድ ጋር ግንቦት 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንቶሪ ላይ ተገናኘ።

«ሰው በሌለበት ለምን?» ላልከው፣ ሰው ነበረበት። ሐውልቱ ሲሠራ ከፊቱ ሸርማን የምትባል ከተማ ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከጄኔራል ዊሊያም ሸርማን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 8,247 ጫማ፣ በእኛ ልማድ 2,514 ሜትር ላይ የተቀመጠች፣ በዚያ ሁሉ የባቡር መስመር ላይ ከፍተኛዋ ቦታ ነበረች። ባቡሩ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣና እዚያ ይቆማል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሎኮሞቲቩ ይፈተሻል፣ ፍሬኑ ይታያል። መንገደኛው ወርዶ እግሩን ያፍታታል። ቀና ሲል የሚያየው ያንን ድንጋይ ነው። ቦታው የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ሀብታሙም ስደተኛውም፣ በዚያ በር ማለፉ አይቀርምና።

ሀዲዱ ሸርማን የደረሰው በሚያዝያ 1868 ነው። ወሩን ልብ በለው፤ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ወር ነው። እንግሊዞች ለዚያ ዘመቻ ብለው ከዙላ ወደብ ወደ ተራራው ግርጌ አጭር ሀዲድ ዘርግተው ነበር፤ ሲመለሱም ነቅለው ሄዱ። ልጅህ «ያኔ እኛ አገር ምን ነበር?» ማለቷ አይቀርም። ይህንን ንገራት።

ከዚያ በ1901 ድርጅቱ ሀዲዱን ወደ ደቡብ አዞረው። ሸርማን ወዲያው ሞተች። ጣቢያው ተዘጋ፣ ሰው ቤቱን ለቆ ሄደ። ዛሬ ከከተማዋ የቀረ ቢኖር ጥቂት መቃብርና የመሠረት ዱካ ነው። ሐውልቱ ግን ተነቅሎ የሚሄድ አይደለምና እዚያው ቀረ።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርህ። አባቴ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ እራሷ የተወለደችው የፈረንሳዮቹ ሀዲድ ሐረር ተራራ ላይ አልወጣም ብሎ ግርጌው ላይ ስለቀረ ነው፤ በ1902 መሆኑ ነው። ኋላ ደግሞ በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ሀዲድ ከተማ ይወልዳል፤ ዞር ሲልም ከተማውን ያስረሳል። በልጅነቴ ከመሃል ከተማው ጣቢያ በር ላይ ቆሜ የአባቴን ቅባት የጠጣ ሰማያዊ ቱታ እጠብቅ ነበር። ኤምስ ጋ ቆሜ ያ የሌለ ሀዲድ ሲታየኝ ያስታወስኩት ያንን ነው።

አሁን ወደ ሐውልቱ ልጠጋህ። ከሩቅ ክምር ይመስልሃል እንጂ ክምር አይደለም። ጎኑ በየአቅጣጫው 60 ጫማ ነው፤ ቁመቱም 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ። ግራናይቱ የወጣው እዚያው ግማሽ ማይል ርቆ ካለ አለት ሲሆን በበሬ እየተጎተተ ነው የመጣው። ሥራው ከ1880 እስከ 1882 ፈጅቷል፤ ወጪው 65,000 ዶላር ገደማ ነበር። ንድፉን ያወጣው ሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን በዘመኑ በአሜሪካ አንደኛ ከሚባሉት አርክቴክቶች አንዱ ነው፤ ቦስተን ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም የእጁ ሥራ ነው። ድንጋዮቹ ከታች ሻካራና ግዙፍ ናቸው፤ አንዳንዱ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ወደ ላይ ስትሄድ እየሰከኑ ይሄዳሉ። እጄን በመጋጠሚያው አስገብቼ ዳሰስኩት፤ ከዚያ ሁሉ ክረምትና ነፋስ በኋላ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

ከፍ ብሎ በምሥራቅ በኩል የኦክስ ፊት፣ በምዕራብ በኩል የኦሊቨር ፊት በድንጋይ ተቀርጿል። የቀረጸው ስመ ጥሩው አውጉስተስ ሴንት ጎደንስ ነው። እያንዳንዱ ምስል 9 ጫማ ነው። የሁለቱም አፍንጫ ግን የለም፤ ባለጌዎች ሰብረውታል። በሰሜን በኩል አንድ አንድ ጫማ ቁመት ባላቸው ፊደላት የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ ለኦክስ ኤምስና ለኦሊቨር ኤምስ መታሰቢያ። ሰሜን የሆነበትም ምክንያት ሀዲዱ በዚያ በኩል ስለነበረ ነው። አንተም የምታልፈው በሰሜኑ ነው። ጽሑፉ ፊቱን ወዳንተ አዙሯል፤ ግን በመካከላችሁ 2 ማይል አለ።

ስለ ሌብነቱ ጓደኛህ የነገረህ ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ሀዲድ ለሚዘረጉት ድርጅቶች በየማይሉ በቦንድ ብድር ይሰጥ ነበር። ለሜዳው 16,000 ዶላር፣ ለደጋማው 32,000፣ ለተራራው ደግሞ 48,000። አንተ ከሻየን ወጥተህ ማርሽ እየቀነስክ የምትወጣው ዳገት 48,000 የተከፈለበት ነው። በዚያ ላይ ከሀዲዱ ግራና ቀኝ መሬት ይሰጣቸዋል፤ እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ ቁራጭ ለባቡሩ፣ ቀጣዩ ለመንግሥት እየተባለ። የዩኒየን ፓሲፊክ ባለቤቶች ታዲያ ክሬዲ ሞቢሊዬ የሚባል ሌላ ተቋራጭ ድርጅት አቆሙ። በአንድ ወገን ሥራ ሰጪ፣ በሌላ ወገን ተቋራጭ፣ ሰዎቹ ግን እነዚያው። ሂሳቡን አንረው ለራሳቸው ከፈሉ። ባቡሩ በዕዳ ሲጎብጥ ተቋራጩ ወፍራም ትርፍ ተከፋፈለ።

የኦክስ ኤምስ ጥፋት ከዚህም ያልፋል። በ1867ና በ1868 የዚህን ተቋራጭ አክሲዮን ለምክር ቤት ባልደረቦቹ ከሚያወጣው ዋጋ በታች አደለ። ሕግ አውጪው የሚቆጣጠረው ድርጅት ባለ አክሲዮን ከሆነ ማን ማንን ሊጠይቅ ነው? ነገሩ በ1872 በምርጫ ሰሞን ጋዜጣ ላይ ወጣና አገር ተናወጠ። መርማሪ ኮሚቴው ከምክር ቤቱ ይባረር ብሎ ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን በየካቲት 1873 በ182 ድምፅ ለ36 በይፋ አወገዘው። ወደ አገሩ ተመልሶ በዚያው ዓመት ግንቦት 8 ቀን በድንገተኛ ሕመም ሞተ። ሁለት ቀን ቢቆይ ሀዲዱ የተገናኘበትን አራተኛ ዓመት ያይ ነበር።

እንግዲህ ሐውልቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ሕዝብ ሳይሆን ዩኒየን ፓሲፊክ እራሱ ነው። ስሙ የጎደፈ ሰው ነበርና ስሙን ከፍ ባለ ቦታ፣ በማይሰበር ድንጋይ ማኖር ፈለጉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉ የለ አባቶቻችን! በ1883 የማሳቹሴትስ ምክር ቤትም ክብሩን የሚመልስ ውሳኔ አሳለፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ የዚያው ግዛት ገዥ ሆነ።

የኔን ፍርድ ከጠየቅኸኝ፣ ሰውየው ጥፋተኛ ነው። ጉቦ አልሰጠሁም፣ አክሲዮን ሸጥኩ እንጂ ብሎ ተከራክሯል፤ እኔ አልቀበለውም። ግን ደግሞ ወንድማማቾቹ ከራሳቸው ሀብት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በዚያ ሀዲድ ላይ አፍስሰዋል፤ ማንም ባለ ገንዘብ እሺ ባላለበት ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ያደረጉ እነሱ ናቸው። በ1865 ሥራውን በእጅህ አድርገው ብሎ ኦክስን ያግባባው ሊንከን ራሱ እንደነበር ይነገራል። ሁለቱም እውነት ነው። ለልጅህ ሁለቱንም ንገራት፤ ገና ልጅ ነች ብለህ አንዱን አትደብቅባት። በ11 ዓመቷ የአንድ ሰው እጅ ገንብቶም ሰርቆም ሊገኝ እንደሚችል ይገባታል።

ሐውልቱን የሠሩ 85 ያህል ሰዎች ስማቸው የለም። ሀዲዱን ያነጠፉት በሺህ የሚቆጠሩ አየርላንዳውያንና ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮችም የሉበትም። ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት አካፋ የኤምስ ፋብሪካ ነበር፤ የአካፋው ባለቤት ስም በድንጋይ ላይ ሲወጣ የጨባጩ ስም ቀረ። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ላይ የሚተናነቀኝ ይህ ነው። አባቴ 31 ዓመት የባቡር ብሎን አጥብቋል፤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ቢኖር የደመወዝ ወረቀቱ ነው።

አንድ ልጅህን የሚያስቃት ነገር ልጨምርልህ። ያ የዳማ ሰሌዳ የመሬት ክፍፍል ጣጣ አመጣ። በ1880ዎቹ አንድ የላራሚ ዳኛ ሐውልቱ የቆመው በባቡሩ ቁራጭ ላይ ሳይሆን በመንግሥቱ ቁራጭ ላይ መሆኑን ደረሰበትና መሬቱን በስሙ አስመዘገበው፤ ከዚያም ድርጅቱን ድንጋያችሁን ከእርሻዬ ላይ አንሱልኝ ብሎ ጻፈ ተብሎ ይተረካል። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ተሰጥቶት እንደተስማማ ነው የሚነገረው። ሐውልቱ ከ1983 ጀምሮ የዋዮሚንግ ግዛት ንብረት ነው፤ በ2016 ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሏል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በትራኩ አትሞክረው፤ ከኤክዚት 329 ወደ ደቡብ ያለው 2 ማይል ያህል ኮረኮንች ስለሆነ ተሳቢ ይዘህ መዞሪያ ታጣለህ። ከሻየን በትንሽ መኪና ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በበጋም ቢሆን ጃኬት ያዙ፤ ነፋሱን አንተው ታውቀዋለህ። ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ ጎን ውሰዳት። ጀርባዋን ለፊደሎቹ ሰጥታ ትቁምና ሀዲዱ የት የት ያልፍ እንደነበር ከመሬቱ ላይ ፈልጊ በላት። ልብ ብላ ካየች ታገኘዋለች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከኦማሃ፣ ነብራስካ ነኝ። ባለቤቴ የትራክ ሾፌር ነው፤ ዋዮሚንግ ውስጥ ካለው የሊንከን ራስ ሥር ሆኖ ሁልጊዜ ይደውልልኛል። ሊንከን በሕይወቱ እዚያ ሄዶ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቀው መልስ አጣ። ሐውልቱ ለምን እዚያ ቆመ? ለምንስ ራስ ብቻ ሆነ?
የሾፌር ሚስት፣ ከኦማሃ

መልስ፦ እህቴ፣ አልሄደም። ሊንከን በ1865 ሲገደል ዋዮሚንግ የምትባል ግዛት በስሟ ገና አልተመሠረተችም፤ የተመሠረተችው በ1868 ነው። ሊንከን የቀረበው ይልቅ ወደ አንቺ ነው። በነሐሴ 1859፣ ፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ ከኦማሃ ወንዙን ተሻግሮ ወዳለችው ካውንስል ብላፍስ መጥቶ ነበር። እዚያ ግሬንቪል ዶጅ ከሚባል ወጣት መሐንዲስ ጋር ተቀምጦ ባቡሩ በየት ቢሄድ እንደሚሻል ጠየቀው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1862፣ የባቡሩን ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ዶጅም ኋላ የዩኒየን ፓሲፊክ ዋና መሐንዲስ ሆነ። ድልድዩን ተሻግረሽ ሄደሽ እዪው፤ በጉብኝቱ ቦታ መታሰቢያ ቆሞለታል።

የዋዮሚንጉ ሐውልት የቆመው ግን ለባቡር ሳይሆን ለመኪና መንገድ ነው። ከ1913 ጀምሮ ከኒውዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የተዘረጋው የመጀመሪያው የመኪና መንገድ የሊንከን አውራ ጎዳና ይባል ነበር፤ ከፍተኛው ነጥቡም ያ ተራራ ነው። ሊንከን የተወለደበት 150ኛ ዓመት በ1959 ሲከበር በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ መምህር የነበረው ሮበርት ሩሲን ራሱን ከነሐስ ሠራው። ነሐሱ 12 ጫማ ተኩል፣ የቆመበት የግራናይት ዓምድ 30 ጫማ ነው። የነሐሱ ሥራ የተፈጸመው ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ በቁርጥራጭ መጥቶ እዚህ ተገጣጠመ። ራስ ብቻ የሆነበትን ምክንያት ሥሩ ሆኖ ቀና ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች፣ ወደ መንገደኛው ያያል፤ ከዚያ ርቀት ሙሉ ሰውነት ቢሠራ ኖሮ ፊቱ አይታይም ነበር።

በመጀመሪያ የቆመው አሁን ካለበት ሳይሆን ከዚያ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ፣ በ8,878 ጫማ ነው። የ80 መንገድ ሲሠራ አሮጌው ጎዳና ተተወ፤ እነሱ ግን ሊንከንን ትተውት አልሄዱም። በ1969 ነቅለው አሁን ወዳለበት፣ 8,640 ጫማ ወደሆነው፣ አዲሱ መንገድ ዳር አመጡት። ከላይ ለኦሮራው ሾፌር የነገርኩትን ካነበብሽ የኤምስን ዕጣ ታውቂያለሽ፤ ከዚያው ስድስት ማይል ያህል ቢርቅ ነው። ያኛው ሀዲዱ ሲዞር ቀረ፣ ይኸኛው ከመንገዱ ጋር ተዛወረ። ለባለቤትሽ ከፍታውን በእኛ ልኬት ንገሪው፦ 2,630 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፣ ከደብረ ብርሃን ያንሳል።

ዓምዱ ውስጡ ባዶ ነው። ሩሲን በ2007 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በዚያ ዓምድ ውስጥ ተቀመጠ። ባለቤትሽ እዚያ ቆሞ ሲደውልልሽ ሠሪውም አብሮ አለ።